ድልድዩና ፏፏቴው፦ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወደ ጢስ ዓባይ የሚደረግ የአንድ ቀን ትምህርታዊ ጉዞ



በየቁምስናው የሚገኙ ወጣቶችና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በዓመት አንድ ጊዜ ወደ አንድ ታሪካዊ ቦታ መጓዛቸው የቆየ መልካም ልማድ ነው። ይሁን እንጂ ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ በመዝሙር ተጀምሮ በመዝሙር ይፈጸማል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የተቋጠረው ስንቅ ይበላል፤ ማታ ደክሞን ወደየቤታችን እንገባለን። ያየነው ነገር ምን እንደ ሆነ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ለምንስ እንደ ተሠራ ሳንጠይቅ የምንመለስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህ ጽሑፍ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ተነሥቶ ወደ አላታ ድልድይና ወደ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ለሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ መሪ እንዲሆን የተዘጋጀ ነው። የቡድን መሪዎች አስቀድመው ሊያነቡት፣ በመንገድም ላይ በየክፍሉ ሊያስረዱት ይችላሉ። መጓዝ ያልቻለም በቤቱ ተቀምጦ በሐሳብ ሊከተለን ይችላል።

ከዓመታት በፊት ከአንድ የወጣቶች ቡድን ጋር በድልድዩ ላይ ቆመን ሳለ፣ አንድ ተማሪ «ይህን የሠራነው እኛ ነን ወይስ እነሱ?» ሲል ጠየቀ። «እነሱ» ያላቸው ፖርቱጋሎችን ነበር። ከጓደኞቹ አንዱ ቀበል አድርጎ «እኛ ካቶሊኮች አይደለንም እንዴ? ታዲያ እኛ የትኞቹ ነን?» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ ጥያቄው ግን መልስ ሳያገኝ ቀረ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የቀረበ የዘገየ መልስ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው። በአገራችን አቆጣጠር የተሰጠው «ዓ.ም.» የሚል ምልክት አለው።

1. ከመነሣት በፊት

ከሁሉ አስቀድሞ የመንገዱ ሰላም ይረጋገጥ። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች የተዘጉበትና ሕዝባችን ከቤቱ መውጣት የፈራበት ጊዜ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የአካባቢ ሽማግሌዎችንና የሚመለከታቸውን አካላት ሳይጠይቅ ማንም መሪ ወጣቶችን ይዞ አይነሣ። ድልድዩ አራት መቶ ዓመት ቆይቷል፤ ሰላም እስኪሆን ጥቂት ቢጠብቀን አይጎዳውም።

ሁለተኛው ነገር የወቅት ምርጫ ነው። የዓባይ ውኃ ሞልቶ የሚታየው ክረምቱ ሲያበቃ፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው። በበጋ ወራት ውኃው በእጅጉ ይቀንሳል። በዚያ ላይ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ወደ ፏፏቴው የሚወርደው መጠን በተፈጥሮ ብቻ የሚወሰን መሆኑ ቀርቷል።

ሦስተኛው የጊዜ አጠቃቀም ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ባሕር ዳር ያለው መንገድ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ ከተማ ደግሞ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ከፍኖተ ሰላም ሌሊት በ10 ሰዓት የተነሣ መኪና የቡሬን ተጓዦች ጎሕ ሳይቀድ ይቀበላል፤ ረፋዱ ላይም ጢስ ዓባይ ይደርሳል። ከዚያ ከቀኑ 8 ሰዓት ሳያልፍ መመለስ ይገባል። ቁልቁለቱና ዳገቱ ድንጋያማ ስለ ሆነ ጠንካራ ጫማ፣ ባርኔጣና የሚጠጣ ውኃ አይርሱ። በጢስ ዓባይ ከተማ የመግቢያ ትኬት ከተቆረጠ በኋላ ከአካባቢው አስጎብኚዎች አንዱን ይዞ መሄድ ይጠቅማል፤ የአገሩን መንገድና የወንዙን ጠባይ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

2. በመንገድ ላይ የሚነገር

ጥንት ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ዛሬ የምትጠራበት «ፍኖተ ሰላም» የሚለው የግእዝ ስም «የሰላም መንገድ» ማለት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው፣ የጎጃምን ምድር አቋርጠው፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብተዋል። በዚያ ዘመቻ የጎጃም አርበኞችና በኮሎኔል ዊንጌት የሚመራው «ጌዴዎን» የተባለው ጦር በቡሬና በማንኩሳ ምሽጎች ላይ ከባድ ውጊያ አድርገዋል። የጣልያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ወደ ደምበጫ ያፈገፈገው የካቲት 25 ቀን 1933 ዓ.ም. ነበር። መኪናችን በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ ሲያልፍ ይህን ለወጣቶቻችን መንገር ይገባል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። አገራችንን የወረረው የፋሽስት መንግሥት የጥንቱ የሮማ ግዛት ወራሽ ነኝ ይል ነበር። ሮማውያን ቄሣሮች ኢትዮጵያን ገዝተው አያውቁም፤ ፋሽስቶቹም ከአምስት ዓመት በላይ አልቆዩም። ሆኖም በዚያ ጊዜ የደረሰው ግፍ «ሮማ» የሚለው ስም በብዙ ኢትዮጵያውያን ጆሮ ከወራሪ ጋር አብሮ እንዲሰማ አድርጎታል። የዛሬው ጉዞአችን ደግሞ ይህ ጥርጣሬ ከዚያ በፊት ሦስት መቶ ዓመት ቀድሞ እንዴት እንደ ተጀመረ ያሳየናል።

ቡሬ መንገዱ የሚከፈልባት ከተማ ናት፤ አንዱ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወርዳል፤ ሌላው በጥሊሊ በኩል ወደ እንጅባራ ይወጣል። እኛ ሁለተኛውን እንከተላለን። ከእንጅባራ ወዲያ በአዲስ ቅዳምና በዳንግላ አልፈን ወደ መራዊ ስንቃረብ ግልገል ዓባይን እንሻገራለን። ይህ ወንዝ የሚመነጨው በሰከላ ወረዳ ከግሽ ዓባይ ሲሆን፣ ወደ ሰሜን ፈስሶ ጣና ሐይቅ ይገባል። ኢየሱሳዊው አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሆነው ያንን ምንጭ ያዩት ኤፕሪል 21 ቀን 1618 ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ «እኔ አገኘሁት» ብሎ የደረሰበት በ1770፣ ማለትም ከመቶ ኀምሳ ዓመት በኋላ ነው። የአገሩ ሰው ግን ከሁለቱም በፊት ምንጩን ያውቀው፣ ያከብረውም ነበር። «ተገኘ» የሚለውን ቃል ስንሰማ «በማን?» ብለን እንጠይቅ።

3. ድልድዩ እንዴት ተሠራ?

ከጢስ ዓባይ ከተማ ወጥተን ቁልቁለቱን በእግር ስንወርድ፣ ዓባይ በጠባብ የጥቁር ድንጋይ ሸለቆ ውስጥ ተጨንቆ ሲያልፍ እናገኘዋለን። በዚህ ጠባብ ቦታ ላይ የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ነው የአላታ ድልድይ የሚባለው። ሕዝቡ ብዙ ጊዜ «የፖርቱጋሎች ድልድይ» ይለዋል። በ1626 በዐፄ ሱስንዮስ ትእዛዝ የተሠራ ሲሆን፣ በዓባይ ላይ ከተሠሩት የድንጋይ ድልድዮች የመጀመሪያው ነው። ከዚያ በፊት ጎጃምንና በጌምድርን የሚለየው ይህ ወንዝ በክረምት ከሞላ፣ ነጋዴውም ሆነ መንገደኛው ውኃው እስኪጎድል መጠበቅ ነበረበት።

የዘመኑን ታሪክ የጻፉት ኢየሱሳዊው አባ ማኑኤል ደ አልሜይዳ እንደሚነግሩን፣ ለሥራው የሚሆነው የኖራ ድንጋይ የተገኘው እዚያው አጠገብ፣ አላታ በሚባለው ገባር ወንዝ ዳር ነው። ሥራውን የመራው ደግሞ ከፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ጋር ከሕንድ የመጣ አንድ ግንበኛ ነበር። እንግዲህ ፖርቱጋላዊ የሚባለው ይህ ድልድይ በኢትዮጵያዊ ንጉሥ ትእዛዝ፣ ከሕንድ በመጣ ባለሙያ መሪነት፣ ከዚያው አካባቢ በተገኘ ድንጋይ የቆመ ነው ማለት ነው። የዚያን ቀን አስጎብኚያችን የነበሩት አዛውንት የተማሪውን ጥያቄ ሰምተው «ልጄ፣ ድንጋዩን በጀርባቸው ያመላለሱት የኔና የአንተ አያቶች ናቸው» ነበር ያሉት።

ኖራ ምንድን ነው? የኖራ ድንጋይ በእቶን ውስጥ ወደ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲቃጠል በውስጡ የነበረው ጋዝ ይወጣና ነጭ፣ ቀላልና ተሰባሪ ነገር ይቀራል። በላዩ ውኃ ሲፈስበት እየፈላ ይፈርስና እንደ ሊጥ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ተለውሶ በድንጋይ መካከል ሲገባ፣ ያን የወጣውን ጋዝ ከአየር ላይ ቀስ በቀስ መልሶ ይስባል፤ በዚህም ዳግመኛ ድንጋይ ይሆናል። በተራ ጭቃ የተሠራ ግንብ ዝናብ ሲያገኘው ይሟሟል፤ በኖራ የተሠራው ግን ዓመታት ባለፉ ቁጥር ይጠነክራል። አባቶቻችን ቋጥኝ ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ማነጽ የቻሉ ሰዎች ስለ ነበሩ የድንጋይ ጥበብ አልቸገራቸውም። በዚያ ዘመን የጎደለው፣ ጎርፍ የሚቋቋም ማያያዣ ነበር።

ሁለተኛው ጥበብ ቅስቱ ነው። በሁለት ግንብ ላይ የተጋደመ ረጅም ድንጋይ ከብዶት መካከሉ ይሰበራል። በቅስት አሠራር ግን በመጀመሪያ የእንጨት ደገፋ በግማሽ ክብ ቅርጽ ይቆማል። በላዩም ከታች ጠበብ፣ ከላይ ሰፋ ብለው የተጠረቡ ድንጋዮች ከግራና ከቀኝ ይደረደራሉ፤ በመጨረሻም የመካከሉ ድንጋይ ይገባል። ከዚያ በኋላ እንጨቱ ቢነሣም ድንጋዮቹ አይወድቁም፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ሊወድቅ ሲል ጎረቤቱን ይገፋል፣ ጎረቤቱም እርሱን ይይዘዋል። ከላይ የሚመጣው ክብደት በሁለቱም ጎን ወደ ቋጥኙ ይወርዳል። ይህን አሠራር በውኃ ማስተላለፊያዎቻቸውና በድልድዮቻቸው በዓለም ያስፋፉት የጥንት ሮማውያን ናቸው። በሌሎች አገሮች የሮማውያንን ፍርስራሽ ለማየት የሚጓዙ ሰዎች የሚያደንቁት ያንኑ ቅስት ነው። እኛ ደግሞ ያለ ቄሣሮች ግዛት፣ በእጅ ሥራ ጥበብ ብቻ፣ በዓባይ ላይ እናገኘዋለን። ድልድዩ ፍርስራሽም አይደለም፤ ሰውና ከብት እስከ ዛሬ ይሻገሩበታል።

4. በዚያው ዓመት የተሠራው ሌላ ነገር

ወጣቶቹ በድልድዩ ጥግ ጥላ ፈልገው ከተቀመጡ በኋላ መሪው ይህን ክፍል በእርጋታ ያንብብላቸው። የጉዞው ዋና ትምህርት በዚህ ይገኛልና።

በ1564 በስፔን አገር የተወለዱት አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ ለመምጣት ሲሞክሩ በ1589 በመንገድ ላይ ተማርከው፣ ሰባት ዓመት ያህል በየመን በእስር ኖረዋል። ከተፈቱ በኋላም ተስፋ ሳይቆርጡ በ1603 በምጽዋ በኩል ገቡ። ግእዝና አማርኛ ተማሩ፤ ልጆችን አስተማሩ፤ በጎርጎራም ሕንፃ ሠሩ። በንጉሡ ፊት ሞገስ ያገኙትም የሕዝቡን ቋንቋና ልማድ በማክበራቸው ነው። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክ እምነትን በይፋ የተቀበሉት በ1622 ሲሆን፣ አባ ጴጥሮስ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ዐረፉ። በእርሳቸውም ዘመን ቢሆን ነገሩ ሁሉ ሰላም ነበር ለማለት አይቻልም። በ1617 በሃይማኖት ምክንያት በተነሣው ዐመፅ ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ተገድለዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1625፣ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ደረሱ። በ1626 መጀመሪያ ላይ በደንቀዝ ንጉሡና መኳንንቱ ለሮማ መንበር የመታዘዝን ቃለ መሐላ በአደባባይ ፈጸሙ። ልብ እንበል፤ የአላታ ድልድይ የተሠራውም በዚያው ዓመት ነው። በአንድ ዓመት ሁለት ነገር ተገነባ፦ አንዱ በዓባይ ላይ፣ ሌላው በሕዝቡ ልብ ላይ።

ሁለተኛው ግንባታ ኖራ አልነበረውም። ፓትርያርኩ ካህናቱ እንደ አዲስ እንዲሾሙ፣ ምእመናኑ ዳግመኛ እንዲጠመቁ፣ አብያተ ክርስቲያናት እንደ ገና እንዲቀደሱ አዘዙ፤ የአጽዋማቱና የበዓላቱ አቆጣጠር ተለወጠ፤ የሰንበተ ቅዳሜ አከባበርና ግዝረት ተከለከሉ። አባቶቹና አያቶቹ በክርስቶስ ስም የተጠመቁ ሕዝብ ገና ዛሬ ክርስቲያን እንደ ሆነ ተቆጠረ። በጎጃም የንጉሡ ወንድም ራስ ሥዕለ ክርስቶስ አዲሱን ሥርዓት በሥልጣኑ ሁሉ ይደግፍ ነበር፤ በላስታና በሌሎችም አገሮች ግን ዐመፁ እየበረታ ሄደ። ኋላ ላይ አንዳንድ ነገር እንዲሻሻል ቢፈቀድም ጊዜው አልፎ ነበር። በሰኔ ወር 1632 በተደረገው ጦርነት በሺህ የሚቆጠሩ ዐመፀኞች ወደቁ። ድል ያደረጉት ንጉሥ ግን በድላቸው አልተደሰቱም፤ የወደቁት የራሳቸው ወገኖች፣ ክርስቲያኖችም ነበሩና። በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ ቀድሞ እምነቱ እንዲመለስ ዐዋጅ አስነገሩ፤ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲለደስ ትተው፣ ከጥቂት ወራት በኋላ ዐረፉ። በደንቀዝ የተደረገው መሐላ ስድስት ዓመት ብቻ ቆየ። በአላታ የተሠራው ድልድይ ግን እነሆ፣ በእግራችን ሥር ነው።

ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር አስወጡ፤ ኖራውን ግን አላስወጡትም። ጎንደርን ከ1636 ጀምሮ ሲያንጹ ግንቦቿ በኖራ ተሠሩ። በዘመናቸውም፣ በ1660 ገደማ፣ ከአላታ በታች በሞጣ አቅጣጫ በዓባይ ላይ ሁለተኛ የድንጋይ ድልድይ ተሠራ። ይህም በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ተሰብሮ «ሰባራ ድልድይ» የተባለው ነው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የሁለቱ ወገን ሰዎች በተሰበረው መካከል በገመድ እየተሳሳቡ ይሻገሩ ነበር። ከዚህ የምንረዳው ነገር ግልጽ ነው፦ በአገልግሎት መልክ የቀረበውን ሕዝቡ ተቀብሎ የራሱ አደረገው፤ በግዳጅ የቀረበውን ግን ገፋው።

5. ፏፏቴው

ከድልድዩ ተሻግረን፣ ከብት ጠባቂ ልጆችና የነጠላ ጥለት የሚሸጡ ሴቶች በሚያጋጥሙን ዳገት ጥቂት ከወጣን በኋላ፣ ፏፏቴው ከመታየቱ በፊት ድምፁ ይሰማል። «ጢስ ዓባይ» የተባለውም ወድቆ የሚፈናጠረው ውኃ ከሩቅ እንደ ጢስ ስለሚታይ ነው፤ «ጢስ እሳት» የሚሉትም አሉ። ከፍታው ከ37 እስከ 45 ሜትር ይገመታል፤ በክረምት ሲሞላ ወርዱ እስከ 400 ሜትር ይደርሳል። የተፈጠረውም ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅላጭ ቀዝቅዞ በሠራው ጥቁር ድንጋይ ጫፍ ላይ ነው። ለብዙ ዓመታት በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ ታትሞ ስለ ኖረ፣ ቦታውን ረግጦት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ እንኳ መልኩን ያውቀዋል።

ፀሐይ ከጀርባችን ስትሆን በእንፋሎቱ ላይ ቀስተ ደመና ይዘረጋል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ የውኃ ነጠብጣብ ብርሃኑን ሰብሮና ከውስጥ አንጸባርቆ፣ ከመጣበት አቅጣጫ በ42 ዲግሪ ገደማ አዛንፎ ወደ ዓይናችን ስለሚመልሰው ነው። ስለዚህም ሁለት ሰዎች አንዱን ቀስተ ደመና አያዩም፤ እያንዳንዱ ከቆመበት ቦታ የራሱን ያያል። በ17ኛው ምእት ዓመት ኢየሱሳዊው አባ ጀሮኒሞ ሎቦ ከውኃው መጋረጃ ጀርባ ተቀምጠው ይህንኑ ቀስተ ደመና እንዳዩ ጽፈዋል። ብሩስ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ «ይህ ሊሆን አይችልም» ብሎ ተከራከራቸው። በኦሪት ዘፍጥረት ከጥፋት ውኃ በኋላ ቀስቱ የተሰጠው የእርቅ ምልክት ሆኖ መሆኑን ግን ሁላችንም እናስታውሳለን።

ጥቂት ውኃ ብቻ አግኝቶ የሚያዝን ተጓዥ እንዳይኖር፣ ስለ ውኃው መጠን እውነቱን መናገር ይገባል። ከፏፏቴው አጠገብ የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ በ1964 ሥራ ጀመረ፤ ጉልበቱ ከ11 ሜጋ ዋት ጥቂት የሚበልጥ ነበር። ከዚያም ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ውኃውን የሚቆጣጠር ግድብ ተሠራ፤ በ2001 ደግሞ 73 ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ጣቢያ ተከፈተ። እነዚህ ጣቢያዎች ከፏፏቴው በላይ ውኃውን በቦይ ጠልፈው በተርባይን በኩል ስለሚያወርዱት፣ ኃይል የሰጠው ውኃ በገደሉ ላይ አይወርድም። በ2010 ሥራ የጀመረው 460 ሜጋ ዋት ያለው የጣና በለስ ጣቢያም ከሐይቁ በዋሻ የሚወስደውን ውኃ ወደ በለስ ወንዝ ያፈስሳል። ስለዚህ የፏፏቴው ግርማ እንደ ወቅቱና እንደ ጣቢያዎቹ አሠራር ይለያያል። ማታ በቤታችን የሚበራው አምፖልና በገደሉ ላይ የሚታየው ውኃ አንድ ምንጭ የሚካፈሉ ናቸው። መብራቱን የሚፈልግ ሰው ፏፏቴውን ብቻ እያየ አያማርር፤ ፏፏቴውን የሚወድ ሰውም የተፈጥሮን ድርሻ ከማስታወስ አይቦዝን።

6. ለእኛ የሚሆነው ትምህርት

አሁን ወደ ተማሪው ጥያቄ እንመለስ፦ «እኛ ነን ወይስ እነሱ?»

የመጀመሪያው መልስ፣ ታሪካችንን ከነቁስሉ መቀበል እንዳለብን ነው። የአባ ጴጥሮስን ትዕግሥት እያመሰገንን የፓትርያርክ ሜንዴዝን ግትርነት መደበቅ ለእውነት አይስማማም። በዚያ ዘመን የወደቁት ሰዎች የሞቱት ለአባቶቻቸው እምነት ነው፤ ልናዝንላቸው ይገባል። የኦርቶዶክስ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ስለዚያ ዘመን በምሬት ሲናገሩ ስንሰማም ለክርክር አንቸኩል፤ የሚናገሩት የሆነውን ነውና።

ሁለተኛው መልስ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከዚያ ውድቀት መማሯ ነው። በ1839 ወደ አገራችን የመጡት ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያቆቢስ፣ ሕዝቡ «አቡነ ያዕቆብ» ያላቸው፣ የግእዝን ሥርዓት አክብረው፣ የአገሩን ልብስ ለብሰው፣ ከሕዝቡ ጋር ኖሩ። ከእርሳቸው ጋር የቆመውና በ1855 በእስር ላይ ሳለ ያረፈው ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል የጎጃም ልጅ ነው፤ የተወለደው በመርጡለ ማርያም አጠገብ ነው። እርሱ ማንም አስገድዶት ሳይሆን ዕድሜውን ሙሉ ጠይቆና መርምሮ ያመነ ሊቅ ነበር። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤም በኅዳር ወር 1964 ባወጣቸው ድንጋጌዎች የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናትን ሥርዓት እንደ ሀብት እንጂ እንደ ጉድለት እንዳናየው አስተማረ። የኢትዮጵያ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1993 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ካልዕን፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ማትያስም በ2016 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስን በሮማ ጎብኝተዋል። በ1632 የማይታሰብ የነበረው ነገር በእኛ ዘመን ሆኗል።

ሦስተኛው መልስ በድልድዩ አሠራር ውስጥ አለ። ቅስቱ የሚቆመው ከግራ የመጣው ድንጋይ ከቀኝ የመጣውን ስለሚደግፍ ነው። አንዱ ወገን ብቻውን ቢሠራ ኖሮ ወንዙ ውስጥ ይወድቅ ነበር። የኢትዮጵያ ካቶሊክ ከሁለቱ አንዱን መርጦ «እኛ» ሌላውን «እነሱ» እንዲል አልተጠራም፤ ከሁለቱም ወገን ክብደቱን እንዲሸከም ነው የተጠራው። ይህም ከስሙ ይልቅ በሥራው ይታወቃል፦ ወንድም ወንድሙን በሚፈራበት በዚህ ጊዜ፣ በሰፈሩ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን ያስታረቀ ወጣት ከማንኛችንም የተሻለ የአላታን ድልድይ ጎብኝቷል።

7. ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

በመመለሻው መንገድ ላይ ወይም በሚቀጥለው ሳምንት ስብሰባ የሚከተሉት ጥያቄዎች ይቅረቡ።

ሀ. ፋሲለደስ ሚሲዮናውያኑን አስወጥተው ኖራውን ያስቀሩት ለምን ይመስላችኋል? ለምንሰጠው አገልግሎት ይህ ምን ያስተምረናል?

ለ. አባ ጴጥሮስ ፓኤዝ ከማስተማራቸው በፊት ቋንቋ ተማሩ። እኛ ከጎረቤቶቻችን ጋር ስለ እምነት ከመነጋገራችን በፊት ምን መማር ይኖርብናል?

ሐ. በአካባቢያችን የተሰበረ «ድልድይ» የምንለው የትኛው ነው? ገመዱን ከዚህ ወዲህ ለመወርወር የሚችልስ ማን ነው?

መ. የዓባይ ውኃ ለመብራትም፣ ለመስኖም፣ ለተፈጥሮ ውበትም ይፈለጋል። በፍትሕ ለመካፈል ምን ምን ነገር መታሰብ አለበት?

ሠ. ከቤተሰባችሁ ወይም ከአካባቢያችሁ አዛውንቶች ስለ 1933 ዓ.ም. የቡሬና የማንኩሳ ውጊያ የሰማችሁትን ጽፋችሁ አምጡ። ያልተጻፈ ታሪክ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራልና።

ጉዞው በሚያበቃበት ጊዜ መኪናው ማታ ፍኖተ ሰላም ሲገባ፣ መሪው የከተማዋን ስም ትርጉም አንድ ጊዜ ደግሞ ያስታውስ። የሰላም መንገድ የሚል ስም ተሰጥቶናል፤ መንገዱን መሥራት ግን የእኛ ድርሻ ነው። መልካም ጉዞ።